አይጥ የበላው የኮሮላ ሽቦ፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መኪናው ኮሮላ ነው፤ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ አራት ሲሊንደር፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ኮይል (ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ያለው። አዲስ አበባ፣ ግቢ ውስጥ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ የመኪና ልብስ ለብሶ 3 ሳምንት ቆሟል። ክረምት ነው። ወጪው በብር አልተጻፈም፤ የመርካቶ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት አንድ ስለማይሆን የዕቃው መጠንና የሥራው ሰዓት ብቻ ተይዟል።

ሐምሌ 6

ሞተሩ ይነሳል፤ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ሲሰጠው ይተናነቃል፣ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መብራቱ በርቶ ዝም ካለ መኪናው ቀስ ብሎ ጋራዥ ይደርሳል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጭስ ወደሚያጸዳው ክፍል) እየሄደ ስለሆነ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ጠፋ።

በኢኤልኤም327፣ የጥፋት ኮድ በሚያነብ ብሉቱዝ ስካነር፣ የተነበቡ ኮዶች፦ ፒ0302፣ ሁለተኛው ሲሊንደር አይተኩስም። ፒ0352፣ የሁለተኛው ኮይል መስመር። ፒ0113፣ የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ቮልቴጁ ከልክ በላይ ነው። ላይቭ ዳታው (ሴንሰሮቹ በዚያው ቅጽበት የሚሰጡት ንባብ) ላይ የአየሩ ሙቀት −40 ዲግሪ ይላል። የአዲስ አበባ ሐምሌ ቢከፋም እንደዚያ አይከፋም። −40 የሙቀት ንባብ አይደለም፤ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ጤነኛውን ሴንሰር ነቅሎ ቢታይም ያው ቁጥር ይመጣል። ሽቦው ተቆርጦ ሳይሆን ከኔጌቲቭ ጋር ተነካክቶ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ወደ ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ኮዱ ፒ0112 ይሆን ነበር።

የማይገናኙ ሁለት መስመሮች ቆሞ በነበረ መኪና ላይ በአንድ ጊዜ ሲጠፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦ ነው። እዚህ ግን አልተጠረጠረም፤ ኮዱ «ኮይል» ስላለ ኮይል ተፈለገ። ከመለዋወጫ ገበያው፣ ከሱማሌ ተራ፣ አንድ ያገለገለ ኮይል መጣ፣ ተገጠመ፣ ምንም አልተለወጠም። 2 ሰዓትና የአንድ ኮይል ዋጋ እዚህ ባከነ። ትክክለኛው መንገድ የ10 ደቂቃ ሥራ ነበር፦ የሁለተኛውን ኮይል ነቅሎ ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ መግጠም። እያንዳንዱ በአንድ ባለ 10 ቁልፍ ብሎን ነው የታሰረው። ኮዱ ወደ ፒ0353 ከተዛወረ ኮይሉ ሞቷል፤ ፒ0352 ላይ ከቀረ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው።

የሞተሩ የፕላስቲክ ሽፋን ሲነሳ ጥቁር ፍሬ የመሰለ ነገር ታይቶ ነበር። ቆሻሻ ተብሎ ታለፈ።

ሐምሌ 7

የአየር ፊልትሮው ሳጥን ወጣ። ከሳጥኑ ሥር፣ ከባትሪው ጀርባ ሙሉ ጎጆ አለ፦ ከኮፈኑ ሥር የተቦጨቀ ስፖንጅ፣ የተቆራረጠ ፌስታል፣ ጭድ፣ የሽቦ ሽፋን ፍርፋሪ። ነዋሪው አልነበረም።

ኩሱ ተለካ። አብዛኛው 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ የትልቁ አይጥ ነው። የትንሿ አይጥ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልኬቱ ለጨዋታ አይደለም፤ የወጥመዱንም የወንፊቱንም መጠን የሚወስነው እሱ ነው። ትንሿ አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትገባለች፤ ትልቁ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ከተገኘለት ይበቃዋል።

ጎጆውን ሲያነሱ በደረቁ መጥረግም ሆነ በኮምፕሬሰር መንፋት ክልክል ነው። የአይጥ ሽንትና ኩስ በሽታ ይይዛል፤ አቧራው ሲነሳ ወደ ሳንባ ይገባል። የተሠራው እንዲህ ነው፦ የላስቲክ ጓንት፣ አፍንጫን የሚገጥም ማስክ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በርዞ ጎጆው ላይ እስኪርስ መርጨት፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ በእጅ አንስቶ ሁለት ድርብ ፌስታል ውስጥ ማሰር። በረኪናው አሉሚኒየምና የሶኬት ፒን ስለሚበላ በሶኬቶቹ አካባቢ አልተረጨም፤ እዚያ በ70 ከመቶ አልኮል በነከረ ጨርቅ ተጠረገ። በረኪና የነካው ብረት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ደግሞ ታበሰ።

ሽታው መውጣት አለበት። አይጥ መንገዱን የሚያውቀው በሽንቱ ሽታ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የባትሪው መቀመጫ፣ የፊልትሮው ሳጥን ውጪና የጎማው ክዳን ውስጥ በኩል በሳሙና ታጠበ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተት ተሠራ። ውሃው በጎማ ቱቦ ሞተሩ ላይም ተለቀቀ፤ በአራተኛው ኮይል ጉድጓድ ገብቶ ካንዴላው ላይ ቆመ። በማግስቱ ፒ0304 ወጣ። ኮይሉ ተነቅሎ ጉድጓዱ በአየር ደረቀ፣ ጠፋ። ጎጆው ጸድቶ ስለነበር አሁን አየሩ ችግር አልነበረውም። ለሞተር እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ሐምሌ 9

የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። በዳሽቦርድና በመቀመጫ በኩል ያለ ቢጫ ሽፋን የለበሰ ሽቦ የኤርባግ ነው፤ እሱ ከተበላ ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ አይነካም፤ ተቀጣጥሎም አይጠገንም፣ ሙሉው ይቀየራል። እዚህ መኪና ላይ ጉዳቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ብቻ ስለሆነ ወደዚያ አልተኬደም።

የሽቦው ጥቅል ፕላስቲክ ቱቦ ተከፈተ፣ አሮጌው ናስትሮ በ60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ተላጠ። የተገኘው፦

ወደ ሁለተኛው ኮይል የተኩስ ትዕዛዝ የሚወስደው ሽቦ፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ 3 ሴንቲ ሜትሩ የለም።

የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ፣ ተቆርጧል። ሴንሰሩ በዚህ ሞተር ላይ ከአየር መለኪያው ጋር አንድ ሶኬት ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ሦስት ሽቦዎች ደህና ስለሆኑ የአየር መለኪያው ይሠራል። ሰው ሁሉ የአየር መለኪያውን ለመቀየር የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

የኮይሎቹ የጋራ ኔጌቲቭ፣ 0.85 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከ19 ክሮች 2 ቀርተዋል፤ እነሱም አረንጓዴ ይዘዋል።

የሦስተኛው ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ሽቦ ሽፋኑ 2 ሴንቲ ሜትር ተልጧል፤ መዳቡ አልተነካም።

የመስታወት ውሃ መርጫ ቱቦ ሁለት ቦታ ተበስቷል።

ስለ ቴስተር አንድ ነገር። ድምፅ የሚያሰማው የቴስተር ፍተሻ ከ19 ክር 2 ቢቀርም ያው ይጮሃል። ስለዚህ በዚያ መስመር 21 ዋት የፍሬን አምፖል ተጭኖ ታየ፤ አምፖሉ ፈዘዘ፣ በመስመሩ ላይ የጠፋው ቮልቴጅ 0.9 ሆነ። ጤነኛ ኔጌቲቭ ከ0.1 ቮልት በላይ አያጠፋም። የአምፖል ፍተሻ ከቴስተር ጩኸት ይሻላል፤ ግን እሱም ፍጹም አይደለም። ሁለቱ ክሮች ዝገት ባይኖራቸው ኖሮ አምፖሉም ባለፋቸውና ከአንድ ወር በኋላ በንቅናቄ በተበጠሱ ነበር። የተበላ ሽቦ የሚገኘው ናስትሮውን ልጦ፣ ሽቦውን በጣት እየዳሰሱ፣ በባትሪ መብራት በማየት ነው። ይህ ምክር በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ራሱ ሳይፈጸም የቀረበት ቦታ ሐምሌ 29 ላይ አለ።

ኢንጀክተሮቹ ተለኩ፤ አራቱም ከ13 እስከ 14 ኦም መካከል ናቸው፣ ደህና ናቸው።

ሐምሌ 10 እና 11

የተገዛው ዕቃ፦ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመኪና ሽቦ 4 ሜትር በሁለት ቀለም፤ 0.85 የሆነ 2 ሜትር፤ ውስጡ ሙጫ ያለው ሂት ሽሪንክ (የሽቦ ቅጥያ መሸፈኛ ቱቦ)፣ ሲሞቅ ወደ ሲሶው የሚሸበሸበው፣ 3 ሚሊ ሜትር 1 ሜትርና 6 ሚሊ ሜትር ግማሽ ሜትር፤ የጨርቅ ናስትሮ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት 2 ጥቅል፤ ወገቡ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ መሳይ ፕላስቲክ ቱቦ 10 እና 13 ሚሊ ሜትር፣ ከየዓይነቱ 2 ሜትር፤ 60 ከመቶ ቆርቆሮ 40 ከመቶ እርሳስ የሆነ፣ ሮዚን (የዛፍ ሙጫ) በውስጡ ያለው የሽቦ መበየጃ ሶልደር።

የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ አይሆንም። አንድ ወፍራም ክር ያለው በሞተሩ ንቅናቄ ይሰበራል፤ ሽፋኑም የሞተር ሙቀትና ዘይት ላይ ቶሎ ይደርቃል።

አንድ ቅጥያ የሚወስደው ሥራ፦ ሂት ሽሪንኩ አስቀድሞ በሽቦው ላይ ይገባል። (ይህን የሚረሳ ሰው ብየዳውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ እዚህም አንዴ ተረስቷል።) ሽቦው መዳቡ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ተቆርጦ ይላጣል፣ 10 ሚሊ ሜትር። አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሆነ መዳብ ሶልደር አይዝም፤ ንጹሑ እስኪመጣ ወደ ኋላ ይቆረጣል። ለዚህ ነው 3 ሴንቲ ሜትር ለጎደለው 8 ሴንቲ ሜትር ማስገባት ያስፈለገው። ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ተጋጥመው እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ። በሶልደሪንግ አይረኑ ሽቦው ይሞቃል፣ ሶልደሩ ሽቦውን ይነካል፤ አይረኑን አይደለም። ሶልደሩ ወደ ሽፋኑ ሥር ገብቶ መውጣት የለበትም፤ የገባበት ቦታ ድርቅ ይልና የሚሰበረው እዚያ ነው። ሂት ሽሪንኩ በሁለቱም ጎን 10 ሚሊ ሜትር ሽፋኑን ይሻገራል፤ ሲሞቅ ሙጫው ከዳር ብቅ ሲል አልቋል።

ቅጥያዎቹ አንድ ቦታ ላይ አይደረደሩም፤ በ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይፈራረቃሉ። አለበለዚያ ጥቅሉ እባብ እንቁራሪት የዋጠ ይመስልና ቱቦው አይዘጋም።

ስህተት ሦስት፦ የኮይሉ ኔጌቲቭ ላይ ሶልደሩ አልይዝ ሲል የራዲያተር መበየጃ አሲድ ተነክቶበታል። አሲዱ ይይዛል፤ ግን በክሮቹ መካከል ይቀርና መዳቡን ይበላዋል። በዚያው ቀን ተቆርጦ በ4 ሴንቲ ሜትር አዲስ ሽቦ እንደገና ተሠራ። ለሽቦ የሚሆነው ሮዚን ብቻ ነው።

ስህተት አራት፦ ጨለመና የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ «ለጊዜው» ተጠምዝዞ ተራ ጥቁር ናስትሮ ተጠቀለለበት።

ከዚያ በኋላ ኔጌቲቩ ታሰረ፣ ቁልፉ ተከፈተ። ሁለተኛው ኮይል ሶኬት ላይ ከአራቱ ፒን አንዱ 12 ቮልት፣ አንዱ ኔጌቲቭ፣ ለኮምፒውተሩ መልስ የሚሰጠው ደግሞ 5 ቮልት አካባቢ አሳየ። አራተኛው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው የሚታየው። ሞተሩ ተነሳ፤ በአራቱም ሲሊንደር ይሠራል። የሁለቱ ቀን ሥራ 7 ሰዓት።

ለአዳዲስ መኪኖች ጎን ለጎን ማስታወሻ፦ ሁለት ሽቦ እርስ በርስ ተጠማዞ የሚሄደው የካን መስመር (የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት) ከተበላ፣ ቅጥያው ሲያልቅ መልሶ መጠምዘዝ ግዴታ ነው። ባትሪ ተፈትቶ በመመርመሪያ ሶኬቱ በ6ኛውና በ14ኛው ፒን መካከል 60 ኦም አካባቢ መገኘት አለበት። 120 ካሳየ ከሁለቱ የመጨረሻ ሬዚስተሮች አንዱ ጋ የሚደርሰው መስመር ተቆርጧል፤ ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሁለቱ ተነካክተዋል።

ሐምሌ 12 እስከ 24፣ ወጥመድ

ሽቦ መጠገን የሥራው ግማሽ ነው፤ አይጡ ካልተወገደ ያው ሽቦ በወር ውስጥ ይበላል። መጀመሪያ መንገዱ ተፈለገ። የሕፃናት ፓውደር በፊት ጎማዎቹ ክዳን ላይ፣ በባትሪው መቀመጫና በግድግዳው ሥር በስሱ ተነሰነሰ። በማግስቱ አሻራው ከግድግዳው ወደ ግራ የፊት ጎማ፣ ከጎማው ወደ ታችኛው የመሪ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ዱቄት አይሆንም፤ ይበሉታል።

ስድስት የእንጨት ወጥመድ፣ ባለ ሞላ፣ ትልቁ መጠን። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል፤ ዛሬ የተቀመጠ ወጥመድ ዛሬ አይነካም። ስለዚህ ወጥመዶቹ ሳይወጠሩ፣ ምግብ ብቻ ተደርጎባቸው 5 ሌሊት ቆዩ። የኦቾሎኒ ቅቤ በአተር ፍሬ መጠን ብቻ፤ ብዙ ከሆነ ከዳር ይልስና ወጥመዱን ሳይነካ ይሄዳል። በሐምሌ 17 ተወጠሩ። ከግድግዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው፣ ምግብ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። አይጥ በግድግዳ ሥር ነው የሚሄደው፤ ሜዳ መሃል የተቀመጠ ወጥመድ ድመት ያባርር እንደሆነ እንጂ አይጥ አይዝም።

ውጤት፦ 17 ሌሊት 2፣ 18 ምንም፣ 19 ሌሊት 1፣ 22 ሌሊት 1፣ ከዚያ ባዶ። ሁሉም ትልልቅ ናቸው።

ሞተሩ ውስጥ የተቀመጠው አንዱ ወጥመድ በቀጭን ሽቦ ከባትሪው ማሰሪያ ጋር ታስሯል፤ መሪው ላይ ደግሞ «ወጥመድ አለ፣ እንዳይነሳ» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። ያለዚያ ጠዋት የሚቸኩል ሰው ሞተሩን ያስነሳና ወጥመዱ ከማራገቢያው ጋር ይዞራል። ሙጫ ወጥመድም ተሞክሮ ነበር፤ በሁለት ቀን አቧራ ለብሶ ወለል ሆነ።

መርዝ አልተደረገም። ከየመንገዱ ያለ ስም የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ከሆድ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ግቢ ውስጥ ውሻ፣ ዶሮና ልጅ አለ። ደም የሚያቀጥኑት መርዞች ደግሞ በቀናት ውስጥ ነው የሚገድሉት፤ አይጡ ሄዶ የሚሞተው መኪናው ማሞቂያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የተመረዘ አይጥ የበላ ድመትም ይመረዛል።

ሐምሌ 16

ፒ0113 ተመለሰ። «ለጊዜው» የተባለው ናስትሮ በአምስት ቀን ሙጫው ቀልጦ ተላቋል፣ ጠመዛውም ላልቷል። በሶልደርና በሂት ሽሪንክ ተሠራ፤ 25 ደቂቃ። ያኔ ቢሠራም 25 ደቂቃ ነበር።

ሐምሌ 29

መኪናው እየሄደ ጠፋ። የሞተር ኮምፒውተሩን መስመር የሚመግበው 15 አምፒር ፊውዝ ተቃጥሏል። አዲስ ገባ፣ ከ3 ቀን በኋላ ጉብታ ላይ ደግሞ ተቃጠለ። እዚህ ላይ ብዙ ቦታ የሚደረገው ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ነው፤ 30 ቢገባ ፊውዙ ይቀራል፣ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል።

ሾርቱ የተፈለገው በአምፖል ነው። የተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ላይ በሁለት ሽቦ 21 ዋት አምፖል ተገጠመ፣ ቁልፉ ተከፈተ። አምፖሉ ፈዞ ቢበራ ጤነኛ ጭነት ነው፤ ሙሉ ብርሃን ሲሰጥ ሾርት አለ። ጥቅሉ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በእጅ እየተነቀነቀ ታየ። በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) የሚወርደው ጥቅል ሲነካ አምፖሉ ቦግ አለ። የሴንሰሩ ማሞቂያ ፖዘቲቭ ሽፋኑ ተልጦ ከብረቱ ጋር ይነካካል። ሐምሌ 9 የተላጠው 60 ሴንቲ ሜትር ከዚህ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው የቆመው።

ይህ ሽቦ አጠጋገኑ ይለያል። ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ ያለው ገመድ ሶልደር አይነካውም፤ ሴንሰሩ ለማነጻጸሪያ የሚጠቀምበትን ንጹሕ አየር የሚያገኘው በራሱ ሽቦዎች ውስጥ በኩል ስለሆነ ሶልደርና ፍላክስ (ሶልደሩን የሚያስይዘው) መንገዱን ይዘጋሉ። እዚያ ከተበላ በክሪምፕ (ተጨምቆ በሚይዝ ማያያዣ) ይያያዛል፣ ወይም ሴንሰሩ ይቀየራል። እዚህ የተበላው ከሶኬቱ ወዲህ፣ በመኪናው በኩል ስለነበር በተለመደው መንገድ ተሠራ። በጭሱ አጠገብ ግን ፕላስቲክ ቱቦ ይቀልጣል፤ የፋይበር መስታወት ሸሚዝ ለብሶ ከጭስ ማውጫው 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ታሰረ። ሥራው 2 ሰዓት ተኩል፤ ግማሹ ፍለጋ ነው።

ነሐሴ 8 እና 9፣ መግቢያ መዝጋት

የሽቦ ወንፊት፣ ዚንክ የተቀባ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር፣ 1 ሜትር በግማሽ ሜትር። በቆርቆሮ መቀስ ተቆረጠ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ተሸፈነ።

የተዘጋው፦ ከመስታወቱ ሥር ወደ መኪናው ውስጥ ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍተት። ይህ ከሁሉ ይቀድማል፤ አይጥ በዚህ ገብቶ ማራገቢያው ውስጥ ጎጆ ከሠራ ዳሽቦርድ የሚያስፈታ ሥራ ይመጣል። ወንፊቱ የዝናብ መውረጃውን እንዳይዘጋ ከጥጉ 4 ሴንቲ ሜትር ተነሳ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው አፍ፦ ከፊልትሮው በፊት፣ ከውጪ በኩል፣ በማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ። ከፊልትሮው በኋላ ወንፊት አይገባም፤ አንድ ክር ተበጥሶ ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ከአይጡ የባሰ ነው። ከዚያ የባትሪው መቀመጫ ሥር ያለው ክፍት።

ወንፊቱ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው 5 ሴንቲ ሜትር ራቀ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር እንዳይገናኝ የፖዘቲቩ ቆብ ተፈትሾ ተመለሰ። ለቤት ቀዳዳ የሚመከረው የብረት ሱፍ ኮፈን ሥር አልገባም፤ ክሮቹ እየረገፉ ሶኬት ውስጥ ሾርት ይሠራሉ። ሥራው 4 ሰዓት።

ሞተር ክፍል ከሥር ክፍት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ወንፊቱ ጎጆ የሚሆኑ ሦስት ቦታዎችን ብቻ ነው የወሰደው። ሞተሩ ሲጠፋ የአየር መግቢያው ወደ ውስጥ ዑደት ላይ ይደረጋል፤ የአየሩ በር ተዘግቶ ያድራል።

ነሐሴ 14 እስከ 30፣ የሽታ ሙከራ

ሚጥሚጣ በዘይት ተለውሶ ቱቦዎቹ ላይ ተቀባ። ዘይቱ ራሱ ምግብ ሆነ፤ በ3ኛው ሌሊት ፓውደሩ ላይ አዲስ አሻራ መጣ። በውሃ የተበረዘው ደግሞ ደርቆ ረገፈ፣ ማራገቢያው ሲሠራ ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሁሉንም አስነጠሰ። ሐሳቡ ግን መሠረት አለው። ሆንዳ ለዚሁ ብሎ የሚሸጠው ናስትሮ የተቀባበት ካፕሳይሲን ሚጥሚጣ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ያው ነገር ነው። ልዩነቱ ናስትሮው ላይ ካፕሳይሲኑ ተጣብቆ ይቆያል፣ አይጡም የሚቀምሰው ሲነክስ ነው። አንድ ጥቅል ተገኝቶ የኮይሎቹ ጥቅልና የባትሪው ጀርባ 4 ሜትር ያህል ተጠቅልሏል፤ በባዶ እጅ የጠቀለለ ሰው ዓይኑን እንዳይነካ።

ናፍታሊን የሚባለው የብል መድኃኒት አልተሞከረም፤ ጭሱ በአየር መግቢያው ወደ ሰው ይሄዳል። ከ12 ቮልት የሚሠራ የአልትራሳውንድ (ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣ) መሣሪያ 2 ሳምንት ተገጠመ፤ አሻራው ከመሣሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አልፏል። የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ መሣሪያዎች አምራቾችና ሻጮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ተነቀለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ መምጠጡም ሌላ ነገር ነው።

የሽቦው ሽፋን ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው የሚበሉት የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። በአሜሪካ በዚህ ሰበብ ቶዮታ ላይ ክስ እስከ መመሥረት ተደርሷል። ግን የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒቪሲ ሽፋን ያለው ሽቦም ይበላል፣ የውሃ መርጫው ጎማም ተበልቷል፣ የኮፈኑ ስፖንጅም። የፊት ጥርሱ ዕድሜ ልኩን የሚያድግ እንስሳ ጎጆ ሲሠራ በመንገዱ ያገኘውን ይቆርጣል።

መስከረም 10

አይጡ ለምን እዚህ ግቢ እንደሚመላለስ የታየው አሁን ነው። መልሱ ከመኪናው 3 ሜትር ላይ ነበር፦ ሰርቪስ ቤቱ በረንዳ ላይ በማዳበሪያ የተቀመጠ የዶሮ መኖ፣ ሥሩ ተቀዶ እየፈሰሰ። በሐምሌ 7 መታየት ነበረበት፤ ጭዱ ከየት መጣ ተብሎ አልተጠየቀም። መኖው ክዳኑ በሚቆለፍ በርሜል ውስጥ ገባ፣ የውሻው ሳህን ማታ ማታ ይነሳል፣ በግድግዳው ሥር የተከመረው እንጨት ተዛወረ። የመኪናው ልብስ ቀረ፤ ጨለማና ሙቀት ይሰጣቸዋል። መኪናው ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል ራቀ፣ በሳምንት ሁለቴ ይነሳል፣ ማታ ኮፈኑ ተከፍቶ ያድራል። የኮፈን መብራት ያለው መኪና መብራቱን ሳይነቅል ይህን ካደረገ ጠዋት ባትሪው አይኖርም።

መስከረም 29

ፓውደሩ ንጹሕ። ወጥመድ ባዶ፤ ሁለቱ በመደበኛነት እንደተወጠሩ ይቆያሉ። ባትሪው መቀመጫ ላይ አሮጌ የሚመስል አንድ ኩስ አለ፤ ተነስቶ ቦታው ተጠረገ፣ ለማየት።

ጥቅምት 12

ቦታው እንደተጠረገ ነው። የኮይሎቹ ኔጌቲቭ፣ መብራትና ማራገቢያ በርተው፣ 0.04 ቮልት ያጠፋል። የአየር ሙቀት ንባቡ 22 ዲግሪ። ኮድ የለም። ጠቅላላ የሥራ ሰዓት 21፤ ከዚህ 5 ያህሉ ስህተት የማረም ነው።

የቀረ ሥራ፦ የውሃ መርጫው ቱቦ አሁንም በናስትሮ ነው፣ 80 ሴንቲ ሜትር አዲስ ይፈልጋል። የሦስተኛው ኢንጀክተር ሶኬት መያዣ ጥርሱ ተሰብሯል፣ በማሰሪያ ተይዟል። ትርፍ የሆነው ኮይል በካርቶን ውስጥ፣ ፖርታ ባጋሊዮ ላይ።